የተረከዟ ቦታ

ከጠዋት ጀምሮ እግሯ አልረጋ ብሏታል። መነጽር ቤቷ ጠባብ ናት፤ ከበሩ እስከ ፊደል ሰሌዳው ጥቂት እርምጃ ቢሆን ነው። እሷ ግን በዚያችው ቦታ ሩቅ አገር ደርሳ የምትመለስ ይመስል ስትንጎራደድ አረፈደች። አንድ ሽማግሌን ፊደል እያስነበበች ሳለ ሌንስ ላምጣ ብላ ገባች፤ ባዶ እጇን ወጣች፤ ተመልሳ ገባች። ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እንደሸፈኑ ጠበቋት፣ ጠበቋትና፣ «ልጄ፣ ዓይኔን ልግለጠው ወይስ ረስተሽኛል?» አሏት። ይቅርታ ጠየቀች። ሳቀችም። ሳቁ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ምን ሆና ነው ቢሉ፣ መኪናዋ ታድሳ አልቃለች፤ ዛሬ ትረከባለች። እንግዲህ ይኼ የሚያስደስት እንጂ ሰው የሚያቁነጠንጥ ነገር አልነበረም።

መኪናዋ የባሏ ነበረች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ጥቁር አረንጓዴ የድሮ ስፖርት መኪና። ባልየው ደግ ሰው ነበር፤ ያለውን ሁሉ ይሰጣል፤ የመኪናዋን ቁልፍ ግን ለማንም አያስነካም፤ ለሚስቱም ቢሆን። ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። አራቱን ዓመት መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ተከናንባ ቆመች። ዝናቡ በጣሪያዋ ስንጥቅ እየሰረገ ምንጣፏን አበሰበሰው፤ በሯ ሲከፈት የሻጋታ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ትታደስ ብላ ስትጠይቅ አማቷ አንገራገሩ። የሟቹ እናት ናቸው፤ ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ምራታቸውን ብቻዋን አልተውም ብለው አብረዋት ይኖራሉ። ሲያንገራግሩ ከርመው በመጨረሻ እሺ አሉ። ያውም ቃል አስገብተዋት።

«እንደነበረች ትሁን» አሏት። «ልጄ ቢነሳ የማያውቀው ነገር አይኑርባት።»

ታዲያ ልቧን የሰቀለው መኪናዋ አይደለችም። የሚሠራት ሰው ነው።

ሰውየው የመኪና ወንበርና ምንጣፍ ሰፊ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል የማያባክን ሰው ስለሆነ ሰፈሩ «መርፌው» ይለዋል። መጀመሪያ የተያዩት እሷው ቤት ነው፤ ክሩ በመርፌ ቀዳዳ አልገባ ሲለው ሳይወድ በግድ መነጽር ሊያሠራ መጣ። መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጋ ከጆሮው ኋላ ስታስተካክልለት ቀና ብሎ አያትና፣ «አሁን ታየኝ» አለ። ስለ ፊደሉ ነው የተናገረው። ሰሌዳው ግን ከኋላው ነበር።

መኪናዋን ከግቢያቸው ድረስ መጥቶ በገመድ ጎትቶ የወሰዳት እሱ ነው። ከዚያ ሁለት ወር ሠራት። ወንበሮቹን ነቅሎ አወጣ። አሮጌውን ምንጣፍ ሳይቀድ ቀስ ብሎ ላጠው፤ አዲሱ የሚቆረጠው በአሮጌው ልክ ነውና። የዛገውን ወለል አስበየደ፣ ቀለም ቀባ። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው የሱፍ ምንጣፍ አመጣና የሱፉ ጸጉር ሁሉ ወደ አንድ ወገን እንዲተኛ አድርጎ ቆረጠው። አንዷ ቁራጭ እንኳ በተቃራኒው ከተኛች ቀለሟ የሌላ መኪና ይመስላል አላት። «ይዳስሱት» ብሎ እጁን አነሳላት። ዳሰሰችው። የእጁ ሙቀት እዚያው ነበር፤ ከሱፉ ይልቅ እሱን ነው ያወቀችው።

ከሥራ መልስ ብቅ ትላለች። «እንዴት እየሆነ ነው?» ትላለች። ለምንጣፍ ብሎ ሽቶ የሚቀባ ሰው ካለ እንግዲህ እሷ ናት።

አንድ ቀን ወለሉ ገና ራቁቱን ሳለ የሾፌሩን ወንበር ለጊዜው መለሰና፣ «እስቲ ይግቡ። ቀኝ እግርዎን ነዳጅ መስጫው ላይ ያድርጉ» አላት። ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ ነበር ያደረገችው። አየውና ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ አይነዳም። ነገ ዝቅ ያለ ጫማ ያድርጉ።» በማግስቱ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋ መጣች። ተንበርክኮ በተረከዟ ዙሪያ በጠመኔ አሰመረ።

«ይኼ ለምንድን ነው?»

«ምንጣፉ ነዳጅ መስጫውን እንዳይዘው ነው» አለ፣ ቀና ሳይል። ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። ያን ጆሮ ሳምንቱን ሙሉ ከዓይኗ ማውጣት አልቻለችም።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ከሰዓት ስትደርስ እሱ ጓሮ ነበር፤ አሮጌው ምንጣፍ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የሾፌሩ እግር የሚያርፍበት ጋ ክብ ቀዳዳ አለ፤ የባሏ ተረከዝ በዓመታት የበላው። ጣቷን አስገባችበት። ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ ምንጣፉን ታቅፋ ተንሰቀሰቀች። ቀና ስትል መርፌው በሩ ላይ ቆሟል። መቀሱን አንስቶ ወደ ጓሮው ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን «እመቤት» ይላታል። ወንበር አይስብላትም። ሥራው እንዴት ነው ስትለው፣ «እየደረሰ ነው፣ እመቤት» ብሎ ወደ መቀሱ ይዞራል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወደብ ካለበት ከተማ ወንድሙ የአውቶቡስ ወንበር እንደሚሠራ፣ ሰው እንደሚፈልግ፣ እሱም ይኼን ሥራ ጨርሶ ሰኞ እንደሚሄድ ነገራት።

«ጥሩ ነው» አለችው።

ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው። መኪናዋን ከተረከበች በኋላ እዚያ ቤት የሚያስሄዳት ሰበብ የለም፤ ሰኞ ደግሞ ሰበብ ብታገኝም ቤቱ ባዶ ነው። ልናገር ትላለች፤ ምን ብዬ ትላለች። የሰለቸሁትን ሰው አትሂድ ልበለው? መልሳ ደግሞ፣ ካልተናገርኩ እኮ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል ትላለች። በዚህ ሁሉ ላይ አማቷ ከቁርስ ጀምሮ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል።

«እኔም እሄዳለሁ» ብለዋል። «በእጄ ሳልዳስስ አልረከብም።»

ሱቁን ከሰዓት ዘጋች። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተመልሳ አየችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ተቆልፏል።

የመርፌው ቤት የማስቲሽና የአዲስ ቆዳ ሽታ አለው። ዛሬ ግን ግማሹ ባዶ ነው። ጥቅል ቆዳው ከግድግዳው ወርዷል፣ መቀሶቹ በካርቶን ገብተዋል፣ የስፌት መኪናው ደግሞ ለመንገድ በገመድ ተጠፍሮ በሩ ጥግ ቆሟል። ያን ገመድ አየችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚሄድ አልመሰላትም ነበር።

«እንደምን ዋሉ እማማ። እንደምን ዋሉ እመቤት» አለ መርፌው። ለአማቷ ጎንበስ አለ። ለእሷ ዓይኑን እንኳ አላነሳም።

መኪናዋ መሃል ቤት ቆማለች። ሁለቱም በሮቿ ተከፍተዋል፤ የወይን ጠጁ ምንጣፍ ከውስጥ ያበራል። በጠርዙ ዙሪያ ጥቁር ቆዳ ተቀምቅሞበታል፤ የማርሹ ጉብታ ላይ አንድ እጥፋት እንኳ አይታይም። ባሏ በሕይወት ሳለ እንዲህ አምራ አታውቅም። «እንዴት ታምራለች» አለች። እሱም፣ «ሥራዬ ነው» አለ። ሁለት ወር ሙሉ ምን ስትጠብቅ ነበር? ሥራው ነው። እሷ ናት ሌላ ስም የሰጠችው።

አማቷ ዱላቸውን ለእሷ አቀበሉና በሾፌሩ በር በኩል ተንበረከኩ። ቅምቅማቱን ዳሰሱ። ጉብታውን ዳሰሱ። «ጎሽ» አሉ። «እጅህ ይባረክ ልጄ።» ከዚያ እጃቸውን ወደ ነዳጅ መስጫው ሰደዱ።

እሷ ይኼን እጅ ታውቀዋለች። አራቱን ዓመት፣ ማንም አያየኝም ብለው ሲያስቡ፣ ሸራውን ገለጥ አድርገው ጣታቸውን የልጃቸው ተረከዝ የበላው ቀዳዳ ውስጥ ያስገቡ ነበር። በመስኮት አይታቸው መጋረጃውን ትመልሳለች። ልኩን ከእሳቸው በላይ የሚያውቀው የለም። ከነዳጅ መስጫው አንድ ስንዝር፣ በላዩ አራት ጣት።

በስንዝር ለኩ። አራት ጣት ጨመሩ። እጃቸው ባዶ ምንጣፍ ላይ ቆመ። ተረከዝ ሱፉን እንዳይበላው የምትሰፋው፣ መዳፍ የምታህለው ቆዳ እዚያ አልነበረችም። ወደ ፊት ቀርባ፣ ስንዝሩ ላይ ተሰፍታለች።

«ይኼ የልጄ ቦታ አይደለም» አሉ።

ጣታቸውን በቆዳዋ ዙሪያ አዞሩ።

«ልጄ እግሩ ትልቅ ነበር። ጫማ በልኩ አጥቼለት ስንቱን ሱቅ ዞሬያለሁ። ይኼ የማን ተረከዝ ነው?»

መርፌው መነጽሩን አስተካከለ። ወደ እሷ አንድ ጊዜ አየት አደረገና ወዲያው ዓይኑን መለሰ። «ስህተት ነው፣ እማማ። ስለካ ተሳስቼ ነው።»

እሷ ቆማ ሰማችው። ጠፍጣፋው ጫማ፣ ጠመኔው፣ የቀላው ጆሮ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። ተረከዙ የእሷ ነው። ይኼ ሰው ተንበርክኮ የለካው የእሷን እግር ነው፤ ያችን ቆዳ የሰፋት ለእሷ ነው። ደስታው ጉሮሮዋ ሳይደርስ ደግሞ ስህተት ነው ተባለ። ሆዷን ባሳት። ሰው እንዴት በአንድ ትንፋሽ ሰጥቶ ይነሳል?

«እንደነበረች ትሁን ብዬ ነበር» አሉ አማቷ።

«ልክ ነዎት እማማ። አሁኑኑ ስፌቱን ፈትቼ ወደ ቦታዋ እመልሳታለሁ።»

ከካርቶኑ ምላጭ አወጣ። ተንበረከከ። የምላጩን ጫፍ ከቆዳዋ ጠርዝ ስር አስገባ፤ አንዲት ክር ተበጠሰች።

«አትፍታው።»

እሷ ናት። እስከዛሬ «እርስዎ» ከማለት ያልወረደች ሴት፣ በአማቷ ፊት፣ አንተ አለችው። አፏን ልትይዝ እጇን አነሳችና መልሳ ተወችው። መርፌው ምላጩን እንደያዘ ቀረ።

አማቷ የመኪናዋን በር ተደግፈው ተነሱ። «ምን አልሽ?»

«ስፌቱን አይፍታው። ተረከዙ የእኔ ነው፣ እማማ።»

«የአንቺ።»

«አዎ።»

«ልጄ ከሞተ እኮ ገና አራት ዓመቱ ነው።»

«አውቃለሁ። አራቱንም ከእርስዎ ጋር ቆጥሬያለሁ። እማማ፣ እኔም እኮ እንደ መኪናዋ ሸራ ተከናንቤ ነው የቆምኩት። ከዚህ በላይ ብቆም እበሰብሳለሁ።»

ይኼን ብላ ፈራች። አማቷ ግን ለጊዜው የእሷን ነገር ተዉትና ወደ መርፌው ዞሩ። ዓይናቸው እንደ ወትሮው እንባ ያቀረረ አልነበረም፤ ደርቆ፣ ነቅቶ ያያል።

«አንተስ? ስህተት ነው አልከኝ።»

መርፌው ምላጩን መሬት አስቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ፤ የሚናገረውን ላለማየት የፈለገ ይመስላል። «ዋሽቼዎታለሁ፣ እማማ። አሮጌው ምንጣፍ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ልኩ አልጠፋኝም። አንድ ቀን ያን ምንጣፍ ታቅፋ ስታለቅስ አየኋት። ከሞተ ሰው ጋር ምን እሻማለሁ ብዬ ነው ልሄድ የተነሳሁት።» መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ። ያለቀለት መስሎ ነበር፤ ግን ቀጠለ። «ምንጣፍ ደግሞ ብዙ ዓመት ይኖራል። አንድ ቀን ትነዳት ይሆናል አልኩ። ያኔ እግሯ የሚያርፍበትን እኔ የሠራሁት ይሁን አልኩ። እሷ ባታውቅም። ይኼው ነው።»

ሰፈሩ ይኼን ቢሰማ አያምንም ነበር። መርፌው በዓመት ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

«ለእሱ አላለቀስኩም» አለች እሷ። ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር፤ አልጠረገችውም። «ለእሱማ አልቅሼለታለሁ፤ እማማ ምስክሬ ናቸው። ያን ቀን ያለቀስኩት ለራሴ ነው። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ስኖር በዚያ ወንበር አንድ ቀን አልተቀመጥኩም። ልቀመጥ ብዬ ጠይቄም አላውቅም። አንተ ግቢ እስክትለኝ ድረስ መፈለጌንም አላውቀውም ነበር። አንተ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ እመቤት አልከኝ።»

«እመቤት ያልኩሽ...» አለና ቆመ። አንቺ ማለቱን ራሱ ሰማው። ጆሮው ቀላ፤ ያው እንደዚያን ቀኑ። «እመቤት ያልኩሽ ስምሽን አንዴ ከጠራሁ መመለስ ስለማልችል ነው።»

እንደዚያ ተያይተው ቆሙ። በመካከላቸው የመኪናው በር አለ፣ አንዲት አሮጊት አሉ፣ የሞተ ሰው አለ። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። እሷ ግን ይህን ያህል ለሰው ቀርባ አታውቅም ነበር።

«ያ አሮጌ ምንጣፍ የት ነው?» አሉ አማቷ በመጨረሻ።

መርፌው ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ የያዘው ሙሉውን ምንጣፍ አልነበረም። የተረከዙን ቦታ ብቻ ቆርጦ አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ዙሪያውን እንደ አዲሱ በጥቁር ቆዳ ቀምቅሞታል። ቀዳዳዋ መሃል ላይ እንዳለች ናት።

«ለእርስዎ ነው ያዘጋጀሁት። ሌላው በስብሶ ነበር፣ ይቺ ግን ደህና ናት። ቀዳዳዋን አልደፈንኩም።»

አሮጊቷ ተቀበሉት። አገላብጠው አዩት። ሦስት ጣታቸውን ቀዳዳዋ ውስጥ አስገቡና አንገታቸውን ደፉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እሷ ልትይዛቸው ሮጠች፤ በእጃቸው ከለከሏት። ቤቱ ውስጥ የማስቲሹ ሽታና የእሳቸው ትንፋሽ ብቻ ነበር። እሷ በልቧ አበቃ አለች። ቤት ስንደርስ ሻንጣቸውን ያነሳሉ፤ ልጃቸውን ሁለተኛ ቀበርኩባቸው። ለአንድ አፍታ ያለችውን ሁሉ መልሳ ልትውጠው ተመኘች። መርፌውን አየችው። ተመኝታም ብትሆን ልትውጠው አልቻለችም።

አማቷ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«እኔ ያልኩሽ መኪናዋ እንደነበረች ትሁን ነው» አሉ። «አንቺ እንደነበርሽ ሁኚ መቼ አልኩሽ?»

«እማማ...»

«ዝም በይ። ደግሞ ይኼ ሁሉ እኔ እየዳሰስኩ ነው የሚወጣው? ብታመም ኖሮ፣ ዛሬ ባልመጣ ኖሮ፣ እንደተፋፈራችሁ ልትለያዩ ነበር?» ዱላቸውን ከእጇ ወሰዱና በሌላው በር ዞሩ። እያቃሰቱ፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ዝቅተኛዋ መኪና ውስጥ ሰጠሙ። ቁራጩን ምንጣፍ ጭናቸው ላይ ዘረጉት። «ንጂ እንግዲህ። ሳይመሽ ቤቴ አድርሺኝ።»

እሷ መርፌው ያቀበላትን ቁልፍ ይዛ ፈዛ ቀረች። «እሱስ?» አለች፤ ከአፏ አመለጣት።

«እሱ የት ሊቀመጥ? መኪናዋ የምትይዘው ሁለት ሰው ነው፤ ይኼን ወንበር ደግሞ እኔ ይዤዋለሁ፣ የሚያስለቅቀኝም የለም።» አሮጊቷ ፊት ለፊታቸውን እያዩ የምንጣፉን ጠርዝ አስተካከሉ። «እሱ በእግሩ ይምጣ። ቤቱን ያውቀዋል።»

ገባች። ወንበሩን ወደ ፊት ሳበችው። መንዳት ድሮ ተምራለች፤ መሪው ግን ካሰበችው በላይ ትልቅ ሆነባት። ሞተሩን አስነሳች። ቀኝ እግሯን ነዳጅ መስጫው ላይ ስታደርግ ተረከዟ ሳትፈልገው ቆዳዋ ላይ አረፈ፤ ከእሷ በፊት ቦታውን ያወቀ ይመስል። አንዲቱ የተበጠሰች ክር ቁርጭምጭሚቷን ነካቻት። መርፌው መጥቶ በሩን ዘጋላት። መስታወቱ ወርዶ ነበርና ጎንበስ አለ። እሷ መነጽሩን ከእጁ ወሰደችና ዓይኑ ላይ አደረገችለት፤ ከጆሮው ኋላ አስተካከለችው።

«ሰኞ...» አለች።

«የምን ሰኞ?» አለ።

ቀስ ብላ ወጣች። አማቷ፣ «እረፊ፣ አትሩጪ» አሏት፤ መኪናዋ ግን ገና አልሮጠችም። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች። መርፌው በሩ ጥግ ተንበርክኮ የስፌት መኪናውን ገመድ ይፈታል። ቋጠሮው አልላላ ብሎት በጥርሱ ይዞታል፤ ቸኩሏል።

ከጠዋት ጀምሮ አልረጋ ያላት እግር ረግቷል። አልረጋ ያለው አሁን ልቧ ነበር፤ እሷም ይርጋ አላለችውም።